ሳቁ ተርፎ ቁጣው እንዳይጠፋ

አንድ የራዲዮ ቧልት ከተቋረጠ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎት ሳለ፣ በዘመኑ የሰሙት ልጆች ሸምግለው፣ አያሌዎቹም ከዚህ ዓለም ተለይተው ሳለ፣ የቀሩት በተገናኙ ቁጥር ድምፃቸውን አንዴ አቅጥነው አንዴ አጎርንነው የተጫዋቾቹን ቃል እየተቀባበሉ የሚስቁ ከሆነ፣ ያ ቧልት የአንድ ሰሞን ማሳለፊያ ብቻ እንዳልነበረ መመስከር ተገቢ ነው። ይህ ዕድል የገጠመው የእንግሊዝ ራዲዮ ቢ.ቢ.ሲ. ከ1951 እስከ 1960 ድረስ ያሰራጨው «ዘ ጉን ሾው» የተባለው ፕሮግራም ነው፤ ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ወዳጆቹ ስለ እርሱ ሲያወጉ ፊታቸው ላይ የሚነበበው ፍሥሐ እውነተኛ ነው፤ የሚያወጉት ነገር ግን ብዙውን ጊዜ እኩሌታው ብቻ ነው። ድምፁን ያስታውሳሉ፤ ድምፁ በማን ላይ ይነሣ እንደ ነበረ ግን ይዘነጉታል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፣ ስላቅን የሚወድ ሰው ሳቁን ጠብቆ ቁጣውን የጣለ እንደ ሆነ፣ የወደደውን ነገር በገዛ እጁ እንደሚያዶለዱመው ነው።

የፕሮግራሙ ዋና ደራሲ ስፓይክ ሚሊጋን በ1918 በህንድ አገር አሕመድናጋር በምትባል ከተማ፣ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ከሚያገለግል አየርላንዳዊ ወታደር ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የከባድ መድፍ ምድብተኛ ሆኖ ወደ ሰሜን አፍሪካ ዘመተ፤ ከዚያም ወደ ኢጣልያ ተሻግሮ በ1944 በካሲኖ ግንባር በሞርታር ቆሰለ። ቁስሉ ከሥጋው አልፎ መንፈሱን ነካው፤ ፍንዳታ በሰማ ቁጥር ይንቀጠቀጥና ያለቅስ ጀመር፤ ራሱ በጻፈው የጦር ትዝታ እንደሚተርከው፣ አዛዡ ይህን እንደ ሕመም ሳይሆን እንደ ፈሪነት ቆጥሮ ያችን ያለችውን ትንሽ ማዕርግ ገፈፈው። የኋላ ባልደረባው የዌልሱ ተወላጅ ሃሪ ሲኮምም በዚያው ጦርነት የተዋወቀው ሰው ነው። ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን ሲያወጉት እንደ ኖሩት፣ በሰሜን አፍሪካ አንድ ከባድ መድፍ ከተተከለበት ተንሸራቶ በገደሉ ሥር ሰፍሮ ወደ ነበረው ወደ ሲኮም ጓድ ቁልቁል ወረደ፤ ጥቂት ቆይቶም ሚሊጋን በጨለማ ብቅ ብሎ መድፍ ያየ ሰው እንዳለ በትሕትና ጠየቀ። ከጦርነቱ በኋላ እነዚህ ሁለት ሰዎች በለንደን በጂሚ ግራፍተን መጠጥ ቤት፣ ከአየር ኃይል ከተመለሱት ከፒተር ሴለርስና ከማይክል ቤንታይን ጋር እየተገናኙ ሲሳሳቁ ነው ፕሮግራሙ የተፀነሰው፤ ቤንታይን ከሁለተኛው ተከታታይ ክፍል በኋላ ተለየና ሦስቱ ቀሩ።

ይህን የሕይወት ታሪክ ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በድርሰቱ ውስጥ ቦምብ ያለ ማቋረጥ ይፈነዳል፤ ብሉቦትል የተባለው ምስኪን ልጅ በየሳምንቱ ይበታተናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ከረሜላውን ፍለጋ ይመለሳል። ሜጀር ብለድኖክ የተባለው መኮንን ፈሪና ገንዘብ ወዳድ፣ ጥይት ሲተኮስ ከሁሉ በፊት የሚሸሽ፣ የሆዱ ጩኸት ከመድፍ የሚበልጥ ሰው ነው። ግሪትፓይፕ ቲን የተባለው ደግሞ በመኳንንት ተማሪ ቤት በተገራ ለስላሳ አነጋገር የዋሁን ኔዲ ሲጉንን በየሳምንቱ ያታልለዋል። ወዳጆቹ ዛሬ እነዚህን ስሞች እንደ ዘመድ ስም ይጠሯቸዋል። ነገር ግን ማዕርጉን በግፍ የተገፈፈ ወታደር፣ ማዕርግ ያለውን ሁሉ በሕዝብ ፊት ልብሱን ሲያስወልቀው፣ ይህ ጨዋታ ነው ብቻ ብሎ ማለፍ ደራሲውን አለማወቅ ይመስለኛል። ያንን ፕሮግራም ማታ ማታ ይሰሙ ከነበሩት መካከልም ከጦር ሜዳ የተመለሱና በብሔራዊ ግዳጅ በሰፈር የተከተቱ ወጣቶች እጅግ ብዙ ነበሩ፤ እነርሱ ብለድኖክን በዓይናቸው ያውቁት ነበር።

የአሠራሩም ነገር ሊነገር የሚገባው ነው። ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ በለንደን በካምደን ቴአትር በተመልካች ፊት ይቀረጽ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት የሚሆነው ጨዋታ በማክስ ገልድሬይ አርሞኒካና በሬይ ኤሊንግተን የሙዚቃ ጓድ በሦስት ይከፈላል፤ ዜና አንባቢው ዋላስ ግሪንስሌድ ያንን ሁሉ ቅዠት የመንግሥት ዐዋጅ በሚነበብበት ግርማ ያስተዋውቃል። ሚሊጋን ለድምፅ የነበረው ቅናት የሚያስገርም ነበር። እንደሚተረከው፣ አንድ ቀን አንዳች ልስልስ ያለና ወፍራም ነገር ሰውን ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ ፈልጎ ወደ መሥሪያ ቤቱ ክበብ ወርዶ ከስተርድ እንዲሠሩለት ለመነ። የክበቡ ሴት ሆዱን ያመመው መስሏት አዝና፣ ልዩ አድርጋ ሠርታ ሰጠችው። እርሱ ግን ወደ ስቱዲዮ ወስዶ ካልሲውን አወለቀና ከስተርዱን ሞላበት፤ ካልሲውን እያሽከረከረም ከሳንቃ ጋር አላተመው። ዛሬ በኮምፒዩተር ቊልፍ የሚገኘውን ድምፅ ያን ጊዜ በካልሲ ይፈልጉት ነበር፤ በ1958 ቢ.ቢ.ሲ. የድምፅ ምርምር ክፍሉን ባቋቋመ ጊዜም፣ ያ ክፍል በመጀመሪያዎቹ ወራት ከደከመባቸው ሥራዎች አንዱ የሜጀር ብለድኖክ ሆድ ጩኸት ነበር።

ወዳጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚያነሡት በ1957 የተሰማውን የሰዓት ጨዋታ ነው። ብሉቦትል ኤክልስ የተባለውን ጅል ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ይጠይቀዋል፤ ኤክልስም ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ስምንት ሰዓት መሆኑን ያነባል። ወረቀቱን ከወዴት እንዳገኘው ሲጠየቅ፣ ሰዓቱን አንድ ደግ ሰው ጠይቆ ያ ሰው እንደ ጻፈለት ይናገራል፤ ሰው ሰዓት ሲጠይቀውና ሰዓቱ ስምንት ሳይሆን ሲቀርስ ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቅ፣ ያን ጊዜ ወረቀቱን እንደማያሳይ ይመልሳል። ይህን እያወጉ የማይስቁ የሉም፤ እኔም እስቃለሁ። ሆኖም ጨዋታውን ቀረብ ብሎ ለመረመረው፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ መሸ የሚለውን ወረቀት የሚያምነው ኤክልስ ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ፣ መሞቱ ስለ ተጻፈ ሕይወቱን ማስረዳት ያቃተው ባለ ጉዳይ ሁሉ፣ ያንን ወረቀት ያውቀዋል። ሚሊጋን ወረቀትንና ወረቀት አምላኪዎችን ይጠላ ነበር፤ ጥላቻውን ግን በጅል አፍ አኖረው፤ ጅልን ማንም አይከሰውምና።

ከዚህ ይልቅ ፊት ለፊት የተነሣበትም ጊዜ ነበር። በታኅሣሥ 1954 ቢ.ቢ.ሲ. የጆርጅ ኦርዌልን «1984» በቴሌቪዥን ባቀረበ ጊዜ አገሩ ታውኮ ነገሩ እስከ ፓርላማ ደረሰ፤ ገና ወር ሳይሞላው፣ በጥር 1955 መጀመሪያ፣ ጉኖቹ «1985» የተባለ ጨዋታ ይዘው ቀረቡ። በዚህ ጨዋታ ሕዝቡን የሚሰልለውና ኅሊናውን የሚገዛው ኃይል ሌላ ሳይሆን ራሱ ቢ.ቢ.ሲ. ነበር፤ እስረኛው የሚሠቃይበትም መሣሪያ የጣቢያው የራሱ ፕሮግራሞች ነበሩ። እንጀራ የሚሰጥ ጌታ በገዛ ማይክሮፎኑ እንዲህ ሲሰደብ ዝም ብሎ መስማቱ የሚደነቅ ነው። ከዚህም በላይ በድርሰቱ ውስጥ ካፕቴን ሂው ጃምፕተን የተባለ መኮንን በትልቅ ክብር ይገባና ይወጣ ነበር፤ ይህ ስም በወታደር ሰፈርና በለንደን ሠፈርተኛ አነጋገር ነውር የሆነ ትርጉም ስለ ነበረው፣ ሰፈር የቆየው አድማጭ በሳቅ ሲፈርስ፣ የጽሑፍ መርማሪዎቹ ሰሙን ሰምተው ወርቁን ሳያዩ ያሳልፉት ነበር።

የዚህ ሁሉ ሳቅ ዋጋ ግን ተከፍሎበታል። በየሳምንቱ አዲስ ድርሰት የማቅረብ ግዴታና ከጦር ሜዳ ያመጣው ሕመም ተደራርበው፣ በ1952 መጨረሻ ሚሊጋን አእምሮው ተናወጠ፤ የድንች መላጫ ቢላዋ ይዞ ወዳጁን ሴለርስን ሊገድል ተነሣ፤ ሆስፒታል ገብቶም ለብዙ ሳምንታት ከፕሮግራሙ ተለየ። ላሪ ስቲቨንስና ኤሪክ ሳይክስ በድርሰቱ አግዘውታል፤ ሕመሙ ግን ዕድሜውን ሁሉ እየተመላለሰ አስጨነቀው። ትዝታ አውጊዎች ይህን ወሬ ሲያነሡት፣ እርሱንም እንደ ሌላ ቀልድ አድርገው ያነሡታል፤ የድንች መላጫው ነገር ያስቃቸዋል። እኔ ይህን ሳቅ አልጋራውም። ሰውዬው የሳቀው ሕመሙን ለመቋቋም እንጂ ሕመሙ እንዲሳቅበት አልነበረም።

ይህን ስል ወዳጆቹን ለመንቀፍ ብቻ እንዳልመጣሁ ይታወቅልኝ፤ ምስጋናቸው ከወቀሳቸው ይበልጣልና። ቢ.ቢ.ሲ. በዚያ ዘመን ቴፕን እንደ ጥበብ መዝገብ ሳይሆን እንደ ዕቃ ይቆጥረው ስለ ነበር፣ ከላይ ሌላ ነገር ይቀረጽበትና የቀድሞው ይጠፋ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጨዋታዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ለውጭ አገር ጣቢያዎች በሸክላ ተባዝቶ ይላክ የነበረው ግልባጭም፣ ጊዜያዊ የሆነውና ነውር ያለበት ቀልድ እየተቆረጠ ይላክ ነበር፤ አውስትራሊያ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ደጋግማ ስትሰማ የኖረችው ይህን ዓይነቱን ነው። የጎደለውን መልሶ ለመሙላት የተቻለው፣ በየቤቱ የቴፕ መቅረጫ አጠገብ ተቀምጠው ከራዲዮው የገለበጡ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። በ1972 የተቋቋመው የጉን ሾው ጥበቃ ማኅበርም እነዚህን ፍርፋሪዎች እየሰበሰበ ከዛሬ አድርሷቸዋል። መሥሪያ ቤት የጣለውን ፍቅር አነሣው፤ ይህ የማይካድ ውለታ ነው። ቀልዳቸውን በልጅነቱ ያጠናው ጆን ሌነንም ቢትልስ የተባለው የሙዚቃ ጓድ መሪ በሆነ ጊዜ፣ ሴለርስንና ሚሊጋንን በሸክላ ያስቀረጸው ጆርጅ ማርቲን የጓዱም አሠሪ መሆኑ እጅግ ደስ አሰኝቶታል፤ በ1969 በቴሌቪዥን የተነሡት የሞንቲ ፓይተን ደራስያንም ከዚህ ምንጭ መጠጣታቸውን ሳይደብቁ ተናግረዋል።

አሁን ወደ ነገሩ ራስ እመለሳለሁ። የጉን ሾው ወዳጆች ሁሉ የሚኮሩበት ታላቅ ባልንጀራ አላቸው፤ እርሱም ያን ጊዜ ልዑል የነበረው የዛሬው ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ነው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ የ11 ዓመት ልጅ የነበረው አልጋ ወራሽ ድምፆቹን አጥንቶ ይጫወት ነበር፤ ኋላም የማኅበሩ የበላይ ጠባቂ ሆነ። በ1972 ቢ.ቢ.ሲ. የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ሲያከብር ሦስቱ ተጫዋቾች ለመጨረሻ ጊዜ በካምደን ቴአትር ተሰበሰቡ፤ ከተመልካቾቹም መካከል የንግሥቲቱ ባል ልዑል ፊሊጶስና ልዕልት አን ነበሩ፤ በባሕር ኃይል አገልግሎት ላይ የነበረው ቻርልስ መምጣት ባለመቻሉ በቴሌግራም አዘነ። ትዝታ አውጊዎች ይህን ሁሉ የድል ምልክት አድርገው ይተርኩታል፤ የተናቀው ቧልተኛ በመጨረሻ በመኳንንት ተከበረ ይላሉ።

እኔ ግን ጥያቄ አለኝ። የተሰደበው ወገን ስድቡን በቃሉ አጥንቶ ከወደደው፣ ያ ስድብ አሸንፏል ወይስ ተሸንፏል? ለብለድኖክ በወርቅ ያሸበረቁ ባለ ሜዳዮች ተቀምጠው ሲያጨበጭቡለት፣ ብለድኖክ ማን ነበር? ሥልጣን ስላቅን የሚታገሠው በሁለት ጊዜ መሆኑን ከዚህ ታሪክ እንማራለን፤ አንድም ሳይገባው ሲቀር፣ አንድም ስላቁ ሲያረጅ ነው። ካፕቴን ጃምፕተን ያለፈው ሳይገባቸው ነው፤ የ1972ቱ በዓል የተደረገው ስላቁ አርጅቶ ነው። ሚሊጋን ራሱ ይህን የተረዳው ይመስለኛል። በ1994 ስለ ሥራው ዘመን ሽልማት ሲቀበል፣ የልዑል ቻርልስ የምስጋና ደብዳቤ በቴሌቪዥን ፊት ይነበብ ጀመር፤ ሽማግሌው ንባቡን አቋርጦ ልዑሉን አጎንባሽ ልጅ አድርጎ በጸያፍ ቃል ሰደበው፤ አዳራሹም በሳቅ ተናወጠ። ያ ስድብ ለልዑሉ ጥላቻ አልነበረም፤ ሁለቱ ወዳጆች ነበሩና። ነገር ግን ሰባ አምስት ዓመት አልፎት የነበረው ደራሲ፣ በምስጋና ተሸፍኖ ከመቀበር አንድ ጊዜ አምልጦ ታየ። ከፓስፖርት ክርክር በኋላ የአየርላንድን ዜግነት ስለ ወሰደ፣ በ2001 የተሰጠው የክብር ማዕርግ እንኳ ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠው ዓይነት ነበር።

ሙሉውን እንናገር ካልን ደግሞ፣ የስላቁ ሰይፍ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ እንዳልተሰነዘረ ማመን ይገባል። አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ የነበረው ሬይ ኤሊንግተን በዚያ መድረክ ላይ ሲዘፍንና ሲተውን በቆዳው ቀለም ብዙ ተቀልዶበታል፤ የህንድ ሰዎች አነጋገርም ሚሊጋን በተወለደበት አገር ላይ ገዢዎቹ በሚስቁበት ዓይነት ሳቅ ተስቆበታል። ጊዜው እንዲያ ነበር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ያው ጊዜ ብለድኖክን ማክበርንም ያስተምር ነበር፤ ሚሊጋን ለአንዱ ትምህርት እምቢ ብሎ ሌላውን ተቀብሏል። ይህን መናገር ሥራውን ማቃለል አይደለም። የስላቅ ደራሲ የት ላይ ደፋር፣ የት ላይ የዘመኑ እስረኛ እንደ ነበረ ያልለየ ወዳጅ፣ ደፋርነቱንም በትክክል ሊያመሰግነው አይችልም።

እኛም ይህን የትዝታ ጠባይ የምናውቀው ነው። አለቃ ገብረ ሃና የአቋቋም ሊቅ እንደ ነበሩና ንግግራቸው በቤተ መንግሥትና በቤተ ክህነት ሰዎች ላይ ምን ያህል ይደፍር እንደ ነበረ ብዙ ሰው ሳያነሣው፣ የእርሳቸው የሆነውንም ያልሆነውንም ቀልድ በስማቸው ሰብስቦ ሲያወጋ ይኖራል። ሊቁ ጠፍቶ ቀልደኛው ቀረ። ሊቁን ጥለን ቀልደኛውን ብቻ ስናስቀር፣ ቀልዱ የተነገረበት ድፍረትም አብሮ ይወድቃል፤ ሰሚውም አለቃ ገብረ ሃና ሰውን ማሳቅ የሚወዱ ደግ ሽማግሌ ነበሩ ብሎ ይሄዳል።

ሴለርስ በ1980፣ ሲኮም በ2001፣ ሚሊጋን በ2002 ዐረፉ። የሚሊጋን መቃብር በእንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ ዊንቸልሲ በምትባል ከተማ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይገኛል። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ እንዲጻፍ የተፈለገው ቃል ታምሜያለሁ ብዬ ነግሬያችሁ ነበር የሚል ነበር፤ የሀገረ ስብከቱ ባለ ሥልጣኖች ግን በእንግሊዝኛ እንዲጻፍ አልፈቀዱም፤ በአይሪሽ ቋንቋ ሲሆን ፈቀዱ። ከዚህ በላይ የተናገርሁት ሕግ እዚህም ሠርቷል፤ አንባቢው የማይረዳው ስላቅ አያስፈራም። ስለዚህ የዚህ ፕሮግራም ወዳጆች፣ የሌላውም አገር የራዲዮ ቧልት ወዳጆች፣ ከቴፕ ጠባቂነት አንድ ማዕርግ ከፍ ብለው ተርጓሚ ሊሆኑ ይገባቸዋል። ለልጅ ልጅ ሲያሰሙ፣ ይህ መኮንን የማን መልክ እንደ ነበረው፣ ያ ስም ለምን እንዳሳቀ፣ ያን ቀን ፓርላማው በምን ይከራከር እንደ ነበረ፣ የትኛው ቀልድ ዛሬ እንደሚያሳፍር አብረው ይንገሩ። የራዲዮ ጣቢያዎችም በተራቸው፣ አድማጭ ከየሣጥኑ አውጥቶ እስኪያተርፍላቸው ሳይጠብቁ፣ የዛሬውን ቧልት ዛሬውኑ ሳይቆርጡ ያኑሩት፤ አሁን ደፋር መስሎ የሚያስደነግጣቸው ጨዋታ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለዚህ ዘመን እውነቱን ከሚናገሩት ጥቂት ምስክሮች አንዱ ይሆናልና።